ቆርጬ፣ ቆርጦ፣ ቆርጣ

ትልቁ፣ ሰው ሲመታ አይሳደብም፣ አይዝትም። እጁን ከኪሱ ያወጣል፣ ይመታል፣ መልሶ ኪሱ ይከታል። ያን ዕለት ጠዋት ቄራው በር ላይ ጫኚውን የመታውም እንዲሁ ነበር። የጫኚው ጥፋት፣ ታናሽ ወንድሙ ትንሹ ለብቻው እያወራ ሲያልፍ ከኋላው ተከትሎ ከንፈሩን እንደሱ እያንቀሳቀሰ ጓደኞቹን ማሳቁ ነው። ትልቁ ከመኪናው ጎን ብቅ አለና አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ጫኚው አፍንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ተንበረከከ፤ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይንዠቀዠቅ ጀመር። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ድንገት ሥራ በዛበት።

ወንድማማቾቹ ገብተው የጎማ ቦት ጫማቸውን ሲያጠልቁ ትልቁ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«አንተ ግን በሆድህ ማውራት አትችልም?»

«ግስ እያረባሁ ነበር፣ ጋሼ።»

«ማርባትህ ካልቀረ ከብት አርባ። እሱ ቢያንስ ይታረዳል።»

ትንሹ ይባል እንጂ ጢም አብቅሏል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም ጨርሷል። ከትልቁ ቀጥላ የተወለደችው እህታቸው እዚያው ቄራ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ሦስቱም ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አብረው ይኖራሉ። በሰው አገር የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላቸው ቄራው ይስማማቸዋል፤ እዚያ ማንም ማንንም ወረቀት አይጠይቅም፣ ማንም ለማንም ፖሊስ አይጠራም። የተመታ ይታጠባል፣ የመታ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የመቁረጫ ክፍሉ አለቃ ስሙ ሌላ ነው፤ እነሱ ግን ጉጠት ይሉታል። የያዘውን አይለቅም። ወንዱን በኮሌታው ይይዛል፣ ሴቷን ባገኘው በኩል ይይዛል። ከስፓኒሽ በቀር ቋንቋ አያውቅም፤ ስፓኒሽንም ቢሆን ከትእዛዝ በቀር አይናገርበትም። ትንሹ ቋንቋውን መማር የጀመረው ከጉጠት አፍ ሳይሆን ከበሬው አፍ ነው። በሬው በግንዱ መክተፊያ ላይ ሰፊውን ቢላዋ የሚያወርደው ሰውዬ ነው። አንገት የለውም፤ ትከሻው ከጆሮው ሥር ይጀምራል። የትንሹ ሥራ ደግሞ በጣሪያው ሐዲድ ላይ በመንጠቆ የተንጠለጠለውን ግማሽ ግማሽ ሥጋ እየገፋ ለበሬው ማድረስ ነው።

በሬው ሲያስተምር ወረቀት አይወድም። ቢላዋውን በጎድኑ ላይ ያወርድና ደረቱን በአውራ ጣቱ እየነካ «ዮ ኮርቴ» ይላል። እኔ ቆረጥኩ። ቀጥሎ ቢላዋውን ለትንሹ ይሰጠዋል። ትንሹ ሲያወርደው አጥንቱ ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ ይቀራል፤ በሬው ደረቱን ጠቁሞት «ቱ ኮርታስቴ» ይላል። አንተ ቆረጥክ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጉጠት ያሳይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮርቶ» ይላል። እሱ ቆረጠ። ትንሹ በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ላይ የስፓኒሽ ግሶች ሁለት ዓይነት እንደሆኑ አንብቧል፤ ሕግ የሚያከብሩና ከሕግ የሚያፈነግጡ። «ኮርታር»፣ መቁረጥ ማለት ነው፣ ሕግ አክባሪ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሕግ የሚያከብር ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሐዲዱ ሥር ሥጋ እየገፋ ሳለ ነገሩ ድንገት በራለት። ኮርቴ፣ ቆርጬ። ኮርቶ፣ ቆርጦ። ትምህርት ቤት እያለ መምህሩ ቦዝ አንቀጽ ሲሉት የነበረው ነገር እንዳለ ቁጭ ብሏል። እኔ ስሆን መጨረሻው ኃምስ፣ እሱ ሲሆን መጨረሻው ሳብዕ። ቆርጬ መጣሁ፣ ቆርጦ መጣ። ፊደሉም ድምፁም አንድ ነው ሊባል ምንም አልቀረው። ባለበት ደርቆ ቆመ። ከኋላው በራሱ ክብደት የሚንሸራተተው ግማሽ በሬ ግን አልቆመም፤ ጀርባው መሃል ላይ አገኘውና በግንባሩ ደፋው። ግንባሩ ከስሚንቶው ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ። ትንሹ በደምና በሞራ በጨቀየው ወለል ላይ ተዘርግቶ ይስቅ ነበር። በሬው መጥቶ በሽርጡ ማሰሪያ አንጠልጥሎ አቆመውና፣ አብዷል እንዴ በሚል ዓይን አየው።

ማታውን ለወንድሙና ለእህቱ ነገራቸው። ትልቁ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል፤ እህታቸው ከሽርጦቹ ላይ ደም ታሻለች።

«ባዕድ ቋንቋ እኮ አይደለም» አለ ትንሹ፣ ግንባሩ ላይ ፋሻ እንደለጠፈ። «እኔ ስል ኮርቴ፣ ቆርጬ። እሱ ስል ኮርቶ፣ ቆርጦ።»

ትልቁ እስኪ አለና ኮርቴን ደጋገማት። አፉ ላይ ቀጥ ብላ ገባች። የቀረውንም እንዲይዝ ቢለምነው እምቢ አለ፤ ለእኔ እኔ ይበቃኛል፣ የሌላውን ሌላው ይወቅበት አለው።

እህታቸው እጇን ከሳሙናው አወጣች። «ለሴትስ?»

ትንሹ ለሴት ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ከበሬው ግንድ አጠገብ ሴት ቆማ ስለማታውቅ፣ በሬውም ወደ ሴት አገጩን ዘርግቶ አያውቅም። ትንሹ ግን ለአፍታም አላመነታም። «ቆርጣ አይደል የምንለው? በራብዕ ነዋ። ኮርታ።»

«ኮርታ» አለች እህቱ፣ እየቀመሰቻት። «ታምራለች።»

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስትከትፍም፣ የትልቁን ፀጉር ስታስተካክልም «ኮርታ» እያለች ትስቅ ነበር።

ሳቋ እየቀነሰ የመጣው ጉጠት ማሸጊያ ክፍሉን ማዘውተር ሲጀምር ነው። መጀመሪያ በር ላይ ይቆም ነበር። ኋላ ከጀርባዋ ሆነ። ትንሹ ያውቃል፤ እሷው ነግራዋለች፣ ለትልቁ ትንፍሽ እንዳይልም አስምላዋለች። ጋሼ ከሰማ ሰው ይገድላል፣ ያኔ ደግሞ ሁላችንም እናልቃለን ብላዋለች። እኔ ለራሴ አላንስም አለችውና የካርቶን መቅደጃዋን ምላጭ ከሽርጧ ኪስ አውጥታ አሳየችው።  ከዚያ በኋላ ትንሹ ሥጋ ሲገፋ ዓይኑ ከማሸጊያው በር አይነሳም፤ በበሩ ላይ ከሚወዛወዘው የላስቲክ መጋረጃ በቀር ግን ምንም አይታየውም።

ያቺ የጫኚው አፍንጫ የተሰበረባት ጠዋት አልፋ፣ በዚያው ዕለት ከምሳ በኋላ የማቀዝቀዣው ክፍል ከባድ በር ተከፈተ፤ ክፍሉ በሌላ በኩል ወደ ማሸጊያው ያወጣል። ጉጠት ብቻውን ወጣ። ጉንጩን በመዳፉ ይዞታል። መዳፉን አንስቶ ሲያየው የመቁረጫ ክፍሉ ሰው በሙሉ አየ፤ ጉንጩ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ጫፍ ተከፍቶ መንጋጋ ጥርሱ በቀዳዳው ይታያል። ቢላዎች ሁሉ ቆሙ። ጉጠት በዙሪያው ያለውን ወንድ አንድ በአንድ አየ። ሴት ነች የቀደደችኝ ሊል አይችልም፤ ካለ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከእሷ ጋር ምን ትሠራ ነበር ይሉታል። ዓይኑ ዞሮ ዞሮ ትልቁ ላይ አረፈ። ትልቁ እዚያው ሥጋ ሲበልት ቢላዋ ይዟል፤ ጠዋት ሰው መስበሩንም ሁሉም ያውቃል። ጉጠት ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ።

አራት ሰው ሰፈረበት። የመጀመሪያውን በክርኑ ጉሮሮውን አለው፤ ሰውዬው እያጓራ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሁለተኛውን ራሱን ይዞ ከተንጠለጠለ መንጠቆ ጋር አላተመው። ሦስተኛው ግን የአካፋ እጀታ አንስቶ ጉልበቱን ከኋላ መታው። ትልቁ ሲወድቅ ቦት ጫማ ሁሉ ወረደበት፤ በጎኑ፣ በሆዱ፣ በፊቱ። ትንሹ መንጠቆ ነጥቆ ሊደርስ ሲሮጥ፣ ያ አፍንጫው በጥጥ የተወተፈው ጫኚ ከኋላው መጥቶ ሁለት እጁን ጠመዘዘበት። የጫኚው ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ያፏጫል።

«እየው» አለው ጫኚው በጆሮው፣ ሁለቱም በሚያውቋት ጥቂት ስፓኒሽ። «በደንብ እየው።»

ትልቁን ጎትተው በበሬው ግንድ ላይ ደረቱን አስተኙት፤ ቀኝ እጁን አንጓው ላይ ረግጠው ጣቶቹን ዘረጉ። ጉጠት የአጥንት መጋዙን አስነሳ። መጋዙ ይጮህ ጀመር። ጉጠት ቁስሉን በያዘበት ጨርቅ በታፈነ አፍ የተናገረውን ትንሹ ተረዳ፤ «ዴዶ» ጣት ነው፣ «ማኖ» እጅ ነው። ወይ በሬው ጣቱን በቢላዋው ይቁረጥ፣ አለዚያ እኔ እጁን እስከ አንጓው በመጋዙ እቆርጣለሁ ነው የሚለው። ቀጥሎ ጉጠት፣ ነገሩ በሰዎቹ ፊት ፍርድ እንዲመስልለት፣ ጨርቁን ከአፉ አንስቶ ጠየቀ። «ኪየን ኮርቶ?»

ማን ቆረጠ።

ይህን ጊዜ የላስቲኩ መጋረጃ ተገልጦ እህታቸው ወጣች። የሸሚዟ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሏል፤ ምላጯ እጇ ላይ ናት። የማሸጊያ ሴቶች ወገቧን ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቷታል። ትልቁ ግንዱ ላይ እንደተጣለ አንገቱን አዙሮ አያት። እጅጌዋን አየ፣ ምላጯን አየ፣ የጉጠትን ጉንጭ አየ። የገባው ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየ። ከዚያ ወደ ጉጠት ዞረ።

«ኮርቴ» አለ፣ ጥርት አድርጎ። «ዮ ኮርቴ።»

ጉጠት መሳቅ በሚችለው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። በሬው ግን ቢላዋውን አንስቶ አላወረደም። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ዓይኑ የሚያየው ትልቁን አልነበረም፤ ተማሪውን ትንሹን ነው የሚያየው፣ አንድ ነገር በለኝ እንደማለት።

እህታቸው ጮኸች። «አንተ ልጅ፣ ንገራቸው እንጂ። እሷ ናት የቆረጠችው በላቸው። ለምን እንደቆረጠች እሷን ጠይቁ በላቸው። በዚህ ሁሉ ወንድ ፊት ይፈር።»

ትንሹ እሷ ያየችውን አየ። ከእነዚህ ወንዶች ግማሾቹ ሚስትና እህት ማሸጊያ ውስጥ አላቸው። እውነቱን አንዴ ከሰሙ የትልቁን አንጓ የረገጠው እግር ይነሳል። ለዚህ አንድ ቃል ይበቃል። እጁ ተጠምዝዞ ስለተያዘ መጠቆም አይችልም፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉን ደግሞ ያውቀዋል። በራብዕ ነው።

«ኮርታ» አለ።

መጋዙ ዋጠበት። በሬው ጆሮውን ቀስሮ ወደ እሱ አዘነበለ።

«ኮርታ» ብሎ ባለው ድምፅ ሁሉ ጮኸ። «ኮርታ፣ ኮርታ።»

የበሬው ፊት ሲረግብ አየ። ገባው ሲል ትንሹ ደስ አለው። በሬው ዓይኑን ጨፈነና ቢላዋውን አወረደ።

የትልቁ ሌባ ጣት ከግንዱ ዘላ ደም መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባች። ትልቁ አልጮኸም። የጮኸው እግሩን የተከለበት ሰውዬ ነው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲረጭ እግሩን አነሳ። ትልቁ ተነሳ። በግራ እጁ የጉጠትን ፀጉር ከሥሩ ጨበጠና ፊቱን ከግንዱ ጠርዝ ጋር አላተመው። ደገመው። ሠለሰው። ጥርስ መሬት ላይ ሲበተን ሰማው እንጂ አላየውም፤ በተቆረጠው እጁም ሊመታ እየሞከረ፣ በሰነዘረ ቁጥር ግድግዳውን በደም ይቀባዋል። ማንም ሊገላግል አልደፈረም። በሬው መጋዙን አጠፋና ቢላዋውን መሬት ጥሎ ወጣ። በተፈጠረው ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የጉጠት ራስ ብቻ ነበር። በመጨረሻ እህታቸው ከሴቶቹ እጅ አምልጣ ትልቁን ከወገቡ ቆለፈችው። ሦስቱ በመጫኛው በር ሲወጡ ጫኚው ራሱ መንገድ ለቀቀላቸው።

ሆስፒታል መሄድ ስለማይሆንላቸው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሰፋው።

ከዚያ በኋላ ትልቁ ሥራ አላጣም። ግድግዳው ላይ አሸዋ የሞላው ከረጢት ሰቅሎ፣ ቢላዋ በግራ እጁ እየያዘ ይወጋል። መጀመሪያ ቢላዋው ከእጁ ይወድቅበት ነበር። ቀስ በቀስ መውደቁን ተወ፤ አሸዋው እየፈሰሰ ክፍሉ ውስጥ በእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ከጉጠት ጋር ሂሳብ ተወራርደናል፤ በሬው ግን ገና ነው ይላል። ጉጠት ጠላቴ ነው፣ ጠላት የጠላትነቱን ይሠራል፤ ያ ግን ወንድሜን ሲያስተምር የከረመ እጅ ነው፣ በዚያው እጁ ነው የቆረጠኝ ይላል። በሬው የሚኖርበትን ሰፈር ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ መሆኑን አጣርቷል። ትንሹም አልተቃወመም። እሱ ራሱ፣ ነግሬው፣ እሷ ናት ብዬው እንዴት ይቆርጣል እያለ ሲብሰለሰል ነው የከረመው።

ትልቁ ቁስሉን ሊያሳጥብ የወጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እህታቸው ስትከፍት በሬው ነበር። ደፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጨምቃል። እህታቸው ምጣዱን አንስታ ጆሮ ግንዱን አለችው። በሬው ንቅንቅ አላለም፤ ጆሮው ሥር ደም ወረደ። ዓይኑ ትንሹ ላይ ነው። ለምን እንዲያ አልከኝ የሚል ዓይን እንጂ፣ ለምን ተመታሁ የሚል አልነበረም። እኔ እጄ እምቢ ብሎኝ ነበር አለ በእጁም በአፉም እየተናገረ። አንተ ቁረጥ አልከኝ። መጋዙ እጁን ሙሉ ከሚወስደው አንዲት ጣት ይሻላል ብለህ የለመንከኝ መሰለኝ። ለአንተ ብዬ ቆረጥኩ።

«እኔ?» አለ ትንሹ። «እኔ እሷ ቆረጠች ነው ያልኩህ። ኮርታ።»

በሬው አየው። ከዚያ እንደ ድሮው ደረቱን በአውራ ጣቱ ነክቶ ጀመረ። ዮ ኮርቴ። ቱ ኮርታስቴ። ወደ መንገዱ፣ ወደ ሌለው ጉጠት፣ አገጩን ዘርግቶ፣ ኮርቶ። ቀጥሎ ምጣድ ይዛ ወደቆመችው እህታቸው ዞረና ለመጀመሪያ ጊዜ አገጩን ወደ ሴት ዘረጋ።

«ኤያ ኮርቶ።»

እሷም ኮርቶ ናት። ወንድም ሴትም ኮርቶ። ቀጥሎ በሬው ክንዱን ከፍ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በባዶ መዳፉ አየሩን ወደ ታች ቆረጠ። «ኮርታ» አለ ቀስ ብሎ። ቁረጥ።

እህታቸው ምጣዱን መሬት አስቀመጠች። ትንሹ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳይወጣው፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ። በሬው ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ትልቁ ፋሻው ተለውጦለት ሲመለስ ልቡ ሙሉ ነበር። ጃኬቱን ቀይሮ፣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በግራ ኪሱ አስገባ። በሬው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ሜዳው ላይ አገኘዋለሁ አለ። እህታቸው ለትንሹ ነገሩን በዓይኗ ተወችለት።

«ስጨርስ ያቺን ቃል ነው የምለው» አለ ትልቁ፣ ዚፑን በግራ እጁ እየታገለ። «በራሱ ቋንቋ እንዲሰማት። ኮርቴ አይደል የምትባለው?»

«አዎ» አለ ትንሹ። በሩን በጀርባው ተደግፎ ቆሟል። «ግን ያንተ አይደለችም፣ ጋሼ። የእኔ ናት።»

«ምኗ?»

«ኮርቴ። ቆርጬ።»

ትልቁ ሳቅ አለ። «ቆርጠህ ምን?»

«ጣትህን።»

ከዚያ ሳይቆም ነገረው፤ ስለ ራብዑ፣ ስለ በሬው አገጭ፣ ሴት ቆማበት ስለማታውቀው ግንድ። ትልቁ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲጨርስ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ የለመደው እጅ እሱ ነው። ትንሹ እጁ ሲመጣ አይቶታል፣ ፊቱን ግን አላዞረም። ቡጢው መንጋጋው ላይ አረፈ። ራሱ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ አፉ ደም ሞላ። በዚህ ጊዜ ግን እጁን መልሶ ኪሱ አልከተተም፤ ትልቁ እጁን ታቅፎ በጉልበቱ ወድቆ ነበር። አዲሱ ፋሻ በአንዴ ቀልቷል። ያን ቀን ግንዱ ላይ ያልጮኸው ጩኸት አሁን ወጣው፤ ረዘመም።

ትንሹ ደሙን ተፍቶ አጠገቡ ተቀመጠ። እህታቸው የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እንዳሳያቸው እጁን ወደ ላይ እንዲይዝለት ነገረችውና ጨርቅ ልታመጣ ሄደች። ትንሹ የወንድሙን እጅ ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ደሙ በሁለቱም ክንድ ላይ ወደ ብብታቸው ይወርዳል። አሸዋው ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ትልቁ በግራ እጁ ኪሱን ዳበሰና በጋዜጣ የተጠቀለለውን አውጥቶ አልጋው ሥር ወረወረው።

«ለእሷ ምንድነው አልክ?» አለ በመጨረሻ።

«ለእሷም ኮርቶ ነው።»

«ለወንድም ለሴትም?»

«ለወንድም ለሴትም።»

ትልቁ እጁን ሳያወርድ ራሱን ነቀነቀ። «የማይረባ ቋንቋ» አለ።